ቢሊ ሆሊዴይ

ቢሊ ሆሊዴይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1915 በአሜሪካ፣ በፊላደልፊያ ከተማ ተወለደች። የልጅነት ዘመኗን በባልቲሞር በድህነትና በእንግልት አሳልፋ፣ ገና በወጣትነቷ በኒው ዮርክ፣ በሐርለም የምሽት ክበቦች መዝፈን ጀመረች። በ1930ዎቹም በፍቅር ዘፈኖቿ ዝናዋ ገነነ። ይሁን እንጂ በ1938 ከነጮች የሙዚቃ ጓድ ጋር በሠራችበት ሆቴል፣ ጥቁር በመሆኗ በዕቃ ማመላለሻው አሳንሰር እንድትወጣ ተደረገች።

በ1939 ከቀድሞዎቹ ፈጽሞ የተለየ አንድ ዘፈን ይዛ ቀረበች። የዘፈኑ ርእስ «እንግዳ ፍሬ» ሲሆን፣ ግጥሙን የደረሰው አቤል ሚሮፖል የተባለ የኒው ዮርክ መምህር ነው። ፍሬ የተባለው በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ያለ ፍርድ በዛፍ ላይ የተሰቀሉት ጥቁሮች አስከሬን ነው። ዘፈኑ ሊጀመር ሲል አስተናጋጆቹ ሥራቸውን ያቆማሉ፤ መብራቱም ይጠፋል፤ በጨለማው ውስጥ የሚታየው የእርሷ ፊት ብቻ ነበር። ስትጨርስ ከመድረክ ትወርዳለች፤ ሰው ቢያጨበጭብም አትመለስም።

ዘወትር ሸክላዋን የሚያሳትመው ኩባንያ ይህን ዘፈን አላሳትምም ቢላት፣ በሌላ አነስተኛ ኩባንያ አስቀረጸችው። በ1947 በአደንዛዥ ዕፅ ምክንያት ታሰረች፤ ከተፈታችም በኋላ በኒው ዮርክ የምሽት ክበቦች የመዝፈን ፈቃዷን ተነጠቀች። ያን ዘፈን ግን በ1959፣ በ44 ዓመቷ እስከ ሞተችበት ዓመት ድረስ አልተወችውም።

ዛሬም ዘፈኑን የሚሰማ ሁሉ ይደነግጣል፤ የተረከው ግፍ በእርግጥ የተፈጸመ ነውና።