የሜዳው አብራሪ፦ የካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን የሕይወት ታሪክ

በዚህ እትም በ«ታዋቂ ሰዎች» ዓምድ የማቀርብላችሁ የአንድ አብራሪ የሕይወት ታሪክ ነው። ስለ ነገሥታትና ስለ ሯጮች ባለፉት እትሞች ብዙ ስለተጻፈ፣ እኔ በዓለም ታዋቂ ሆነው ሳለ እኛ ክፍል ግን ማንም ያላወቃቸውን ሰው መረጥኩ። ስማቸው ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ይባላል። ካውንት በአውሮፓ የመኳንንት ማዕረግ ነው። ሰውዬው ስዊድናዊ ናቸው፤ ግን ሦስት ጊዜ ወደ አገራችን መጥተው በሦስተኛው እዚሁ ሞተዋል።

እኔን በጣም የገረመኝ የሚያርፉበት ቦታ ነው። እኛ አውሮፕላን ስንል የምናውቀው ከሮቢት በላይ ከፍ ብሎ ነጭ መስመር እየሠራ የሚያልፈውን ነው። እሱ የሚያርፈው አስፋልት በተነጠፈበትና መብራት ባለበት ትልቅ ማረፊያ ነው። እሳቸው ግን ብዙ ጊዜ ያረፉት ተራ ሜዳ ላይ ነው።

ልጅነታቸው

የተወለዱት ነሐሴ 13 ቀን 1901 ዓ.ም. በስዊድን ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ስቀይረው ልክ የቡሄ ዕለት ሆኖ አገኘሁት! አባታቸው ኤሪክ ቮን ሮዘን አገር አሳሽ ነበሩ። ልጃቸው የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ፣ በየካቲት 1912 ዓ.ም.፣ አባትየው በበረዶ ወጀብ ውስጥ ቤታቸው ለመድረስ ፈልገው አንድ ጀርመናዊ አብራሪ ተከራዩ። አብራሪው ያረፈው በቤታቸው አጠገብ ባለው ሐይቅ ላይ ነው። ሐይቁ በብርዱ ረግቶ አውሮፕላን ይሸከም ነበር። ለእኛ ለቆላ ልጆች ይህን ማመን ይከብዳል፤ እንዲህ የረጋ ውኃ የምናየው ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ነው። ያ አብራሪ ሄርማን ጎሪንግ ነበር። በኋላ የቮን ሮዘንን አክስት አገባ፤ የሂትለር አየር ኃይል አዛዥም ሆነ። ልጁም አድጎ አብራሪ ሆነ፤ የሁለቱ መንገድ ግን ለየቅል ነበር። ቮን ሮዘን መጀመሪያ ላይ በአየር ላይ ትርኢት እያሳዩ ነበር የሚኖሩት።

ወደ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ጣሊያን ሲወረን የስዊድን ቀይ መስቀል ሐኪሞችን ላከልን። ቮን ሮዘንም በ26 ዓመታቸው የአምቡላንስ አውሮፕላን አብራሪ ሆነው መጡ። ሥራቸው መድኃኒትና ሐኪም ማድረስ፣ ቁስለኛ መመለስ ነበር።

አሁን እስቲ አስቡት። ትንሽ አውሮፕላን ሜዳ ላይ ለማረፍ ምን ያስፈልጋታል? መጀመሪያ መሬት ላይ ያለ ሰው ድንጋዩን መልቀምና ጉድጓዱን መድፈን አለበት። ቀጥሎ ከብቶቹን ያባርራል። አውሮፕላን የሚያርፈው ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ስለሆነ፣ ትንሽ እሳት አንድዶ ጭስ ቢያስነሳ አብራሪው የነፋሱን አቅጣጫ ከላይ ያያል። አብራሪው ደግሞ ከማረፉ በፊት አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ሜዳውን ይቃኛል። ዝናብ ከዘነበ ጎማው ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። ፀሐይ ከበረታ ደግሞ አየሩ ይሳሳና ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልጋል። እንደ ሮቢት ባለ ሞቃት ቦታ ትንሽ አውሮፕላን በጠዋት ቢነሣ ይሻለዋል ማለት ነው። እኛስ ማሾና ሽንኩርት ማሳ በጠዋት አይደል የምንሄደው?

የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ቦታ በሕግ አይመታም። ጣሊያን ግን ሕጉን ጣሰች። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ የስዊድኖቹ ሐኪም ቤት በቦምብ ተደበደበ፤ ብዙ ቁስለኞችም ሞቱ። በመጋቢት ወር ደግሞ ቮን ሮዘን የቀይ መስቀሉን ተወካይ ዶክተር ማርሴል ዙኖን ይዘው ኮረም ላይ ካረፉ በኋላ፣ አውሮፕላናቸው መሬት ላይ እንደቆመ በጣሊያን አውሮፕላኖች ወደመ። ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ ደሴ ማስመሪያ ሳስቀምጥ መስመሩ ከእኛ በስተምዕራብ በመንዝ በኩል ያልፋል። ከዚህ ሩቅ አይደለም።

ሁለተኛው መምጣታቸው

ጣሊያን ከተባረረ በኋላ መንግሥታችን አየር ኃይሉን እንዲያደራጁ ጠራቸው። ቢሾፍቱ ላይ እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ፣ ለአሥር ዓመት ያህል፣ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠኑ። በግንቦት 1939 ዓ.ም. ሳፊር የምትባል አንድ ሞተር ያላትን ትንሽ አውሮፕላን ከስቶክሆልም አስነሥተው የትም ሳያርፉ አዲስ አበባ ገቡ። 6,220 ኪሎ ሜትር በ30 ሰዓት ከ52 ደቂቃ! እኛ ከሮቢት አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስንሄድ እንኳን ደብረ ብርሃን ላይ ወርደን ሻይ እንጠጣለን።

ፈቃድ ምንድን ነው?

የሰው ግቢ ሳያንኳኩ እንደማይገባ ሁሉ የአገር ሰማይም በር አለው። በ1937 ዓ.ም. ብዙ አገሮች በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ ተሰብስበው እያንዳንዱ አገር በሰማዩ ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ተፈራረሙ። ኢትዮጵያም ከፈራሚዎቹ አንዷ ናት። ስለዚህ የግል አውሮፕላን ያለው ሰው ዝም ብሎ መጥቶ አያርፍም። ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደጫነና መቼ እንደሚደርስ አስቀድሞ ያሳውቃል፣ ፈቃድም ይጠብቃል። በእኛ አገር ይህን የሚመለከተው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው።

ቮን ሮዘን ግን አንድ ጊዜ ሳይፈቀድላቸው ሄደዋል። በናይጄሪያ ጦርነት ቢያፍራ የተባለው ክፍል ተከቦ ሕፃናት በረሃብ ያልቁ ነበር። መንግሥት በረራ ከልክሏል። ኡሊ የተባለው የቢያፍራ ማረፊያ መኪና መንገድ የነበረ፣ ሰፍቶ የተሠራ ነው። ልክ የእኛ የደሴ መንገድ ሰፍቶ አውሮፕላን እንደሚያርፍበት ቁጠሩት። በነሐሴ 1960 ዓ.ም. ቮን ሮዘን ራዳር እንዳያያቸው ዛፍ ዛፉን እየታከኩ በርረው እርዳታ አደረሱ። በቀጣዩ ዓመት ግን በትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ ሮኬት አስገጥመው ጦርነቱ ውስጥ ገቡ፣ የናይጄሪያን አውሮፕላን ማረፊያዎችም መቱ።

በዚህ ጉዳይ ክበባችን ውስጥ ብዙ ተከራክረናል። ገሚሱ ጀግና ናቸው አለ፣ ገሚሱ ሕግ አፍርሰዋል አለ። የእኔን ልንገራችሁ። ምግብ ይዘው መግባታቸውን እደግፋለሁ፤ የተራበ ልጅ ፈቃድ እስኪመጣ አይጠብቅም። ሮኬቱን ግን አልደግፍም። አንድ አብራሪ ዛሬ ዱቄት ነገ ሮኬት ከጫነ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን የእርዳታ አውሮፕላን ማን ያምነዋል? ኮረም ላይ አውሮፕላናቸው ሲወድም በደሉን ያዩት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

ሦስተኛው መምጣታቸው

በ1966ቱ ድርቅ ጊዜ ሽማግሌው ቮን ሮዘን እንደገና መጡ። አያቴ እንደሚነግረኝ ያኔ ከይፋት ቆላ ብዙ ሰው ቀዬውን ትቶ ወደ ደሴ መንገድ ወጥቷል፤ እህል የሚመጣው መኪና በሚገባበት ብቻ ነበርና። መንገድም ሜዳም ለሌለው ሰው ቮን ሮዘን መላ ነበራቸው። እህሉን በትናንሽ ጆንያ አድርገው ከአውሮፕላኑ ክንፍ ሥር ያንጠለጥሉና በጣም ዝቅ ብለው እየበረሩ ይጥሉታል። ማረፍ ካልተቻለ ሳያርፉ ማድረስ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሠሩት በመንግሥት ፈቃድ ነው።

በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲወረን ኦጋዴን ውስጥ የተፈናቀሉትን ይረዱ ነበር። ሐምሌ 6 ቀን ጎዴ ላይ በድንገት በተከፈተ ጥቃት ተገደሉ። የሞቱት ምድር ላይ እንጂ እየበረሩ አልነበረም። 68 ዓመት ሊሞላቸው አንድ ወር ገደማ ነበር የቀራቸው።

ከታሪካቸው ምን እንማራለን?

እኔ የተማርኩት ለማረፍ ሁለት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ነው። አንዱን መንግሥት ይሰጣል። ሁለተኛውን የሚሰጠው ድንጋይ ለቅሞ፣ ከብት አባርሮ፣ ጭስ አጭሶ የሚጠብቀው የአካባቢው ሰው ነው። አብራሪው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ሜዳውን ብቻውን አያዘጋጅም። ዛሬም በእኛ ቆላ ክረምት ሲገባ ወንዝ ሞልቶ መንገድ የሚቆረጥባቸው ቀበሌዎች አሉ። እዚያ አንዲት እናት ምጥ ቢጠናባት ቅርቡ የአውሮፕላን ማረፊያ ኮምቦልቻ ነው። ስለዚህ ትልልቆቻችን በየቀበሌው አንድ ደልዳላ ሜዳ ሳይታረስና ቤት ሳይሠራበት ቢያቆዩልን ጥሩ ነው እላለሁ። እስከዚያው ኳስ እንጫወትበታለን!

የዕለቱ ጥያቄ፦ አውሮፕላን የሚያርፈው ነፋሱን በጀርባው አድርጎ ነው ወይስ በፊቱ? ለምን? መልሱን ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ክበብ ሳጥን ውስጥ ክተቱ።

በሌላ ታሪክ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!