ከጉባኤ የተሰበሰበ ጥቂት ገንዘብ
(የዮሐን ሉድቪክ ክራፍ ታሪክ፤ ዘመኑ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው)

ዮሐን ሉድቪክ ክራፍ በ1810 ዓ.ም. በጀርመን አገር በቱቢንገን ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ገበሬ ነበረ። ክራፍ ልጅ ሳለ አባቱ የካርታ መጽሐፍ ገዛለት። ልጁም ካርታውን ሲመለከት በአዳል በረሃ ላይ የተጻፉት የቦታ ስሞች እጅግ ጥቂት መሆናቸውን አይቶ ተደነቀ። ከዚህ በኋላ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈ የጉዞ መጽሐፍ ተውሶ አነበበ። ደግሞ አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ አለቃ ስለ ወንጌል መልእክተኞች ሥራ ለተማሪዎቹ ባነበበላቸው ጊዜ፥ ክራፍ ወደ ሩቅ አገር ሄዶ ለማስተማር በልቡ አሰበ።

በአደገም ጊዜ በ1799 ዓ.ም. በለንደን የተመሠረተ የወንጌል ማኅበር ወደ ኢትዮጵያ ላከው። ይህ ማኅበር የሚኖረው ከምእመናን በሚሰበሰብ ስጦታ ነበረ። በየአጥቢያው ሰዎች ጉባኤ አድርገው ስለ ሩቅ አገር የሚነገረውን ይሰሙ ነበር፤ ከዚያም ባለጠጋው ብዙ፥ ድኃው በየሳምንቱ አንድ ፔኒ ያዋጣ ነበር። ፔኒ በዚያ ዘመን ትንሽ የመዳብ ገንዘብ ነበረች። ሰጪዎቹ ገንዘባቸው የሚደርስበትን አገር በዓይናቸው አያዩትም ነበር።

ክራፍ በ1839 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ ወደ ሸዋ ወጣ። ከባሕር የሚመጣው የነጋዴ መንገድ ከአንኮበር በታች ባለችው በአሊዩ አምባ ያልፍ ነበር። በዚያም ዓርብ ዓርብ ታላቅ ገበያ ይቆም ነበር፤ ጨውና ቡና፥ በዚያ ክፉ ዘመንም ሰው ሳይቀር ይሸጥ ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ክራፍን በመልካም ተቀበሉት። እርሱም ሦስት ዓመት ያህል ተቀምጦ የኦሮምኛ ቋንቋ ተማረ፤ ከወንጌልም ወደ ኦሮምኛ ተረጐመ።

ነገር ግን በ1841 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኞች ወደ ሸዋ በመጡ ጊዜ፥ ክራፍ በመንግሥት ጉዳይ ገብቶ ረዳቸው። ገንዘቡ የተሰጠው ግን ለማስተማር እንጂ ለዚህ አልነበረም። በ1842 ዓ.ም. ከአንኮበር ወጥቶ በወሎ በኩል ሲያልፍ አንድ ባላባት ያለውን ሁሉ ዘረፈው። ባዶ እጁን ሆኖ እየለመነ እስከ ምጽዋ ተጓዘ። በሩቅ አገር ድኆች ስጦታ የመጣው ሰው፥ በዚያን ጊዜ በመንገድ ባገኛቸው የኢትዮጵያ ሰዎች ምጽዋት ዳነ።

በዚያው ዓመት በግብጽ ሮዚን የምትባል ሚስት አገባ። ወደ ሸዋ ለመመለስ ቢሞክር መንገዱ ተዘጋበት። በምጽዋ አጠገብ በበረሃ ሴት ልጅ ተወለደችለት፤ ነገር ግን ወዲያው ሞተች። አባትዋም በአማርኛ እንባ ብሎ ጠራት። በ1844 ዓ.ም. ደግሞ ሚስቱና ሁለተኛይቱ ልጁ በሞምባሳ በንዳድ ሞቱ። እርሱ ግን ሥራውን አልተወም፤ የስዋሂሊን ቋንቋ ተምሮ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ።

በ1850 ዓ.ም. ወደ ኤውሮፓ ተመልሶ በለንደን በማኅበሩ ጉባኤ ፊት ቆመ፤ ያየውንም ነገራቸው። በ1860 ዓ.ም. የጉዞውን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳተመ። በእንግሊዝ አገር ያሉ ሌሎች ምእመናንም ይህን አንብበው መምህራንን ለመላክ ተነሡ፤ ክራፍም ጤና ባይኖረው ራሱ እየመራ ወሰዳቸው። በ1881 ዓ.ም. በኮርንታል በአልጋው አጠገብ እንደ ተንበረከከ ሞቶ ተገኘ።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ተማሩ። ትንሽ ስጦታ በብዙዎች እጅ ሲሰበሰብ በረሃ ያሻግራል፤ ስለዚህ ጥቂት ነው ብላችሁ መስጠትን አትተዉ። የሌላውን ሰው ስጦታ በአደራ የተቀበለም ስጦታው ለተሰጠበት ሥራ ብቻ ያውለው። አደራ ከገንዘብ ይከብዳልና።