ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፦ በጉባኤ ያነበቡትን በሕይወታቸው የፈጸሙ አባት

ቅዱስ መጽሐፍን በኅብረት እያነበቡ በቃሉ ላይ ማስተንተን አንዳንድ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ልማድ ተደርጎ ይቆጠራል። እኛ ግን ሥሩ በዚሁ በአገራችን እንደሚገኝ እናምናለን። ለዚህም ምስክር የሚሆኑን የጎጃሙ ተወላጅ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። የሕይወት ታሪካቸውን ስናቀርብ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ገደማ በምሥራቅ ጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ፣ ዲቦ በምትባል መንደር ተወለዱ። በዚያ ምዕተ ዓመት በይጁቤ አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ ከዓባይ ወዲያና ወዲህ ያሉ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ስመ ጥር ገበያ ነበር። ይሁን እንጂ ጎጃም በገበያዋ ብቻ ሳይሆን በቅኔና በመጻሕፍት ጉባኤዎቿም የታወቀች ነበረች። ገብረ ሚካኤል በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን ቢያጡም በቀረችው ዓይን መጽሐፍን መረጡ። በመርጡለ ማርያም ተምረው በወጣትነታቸው ምንኵስናን ተቀበሉ።

የመጻሕፍት ጉባኤ እንዴት እንደሚካሄድ ከአንባብያን ብዙዎቹ ያውቃሉ። አንዱ ተማሪ የግእዙን ንባብ ያሰማል፤ መምህሩ ቃሉን በአማርኛ ይተረጉማል፤ ከዚያም አንድም እያለ የአባቶችን ልዩ ልዩ ትርጓሜ ይዘረዝራል። ሌሎቹ ያዳምጣሉ፣ ይጠይቃሉ፣ የሰሙትንም እርስ በርሳቸው ይከልሳሉ። በዚህ ሥርዓት ማንም ብቻውን አንብቦ ብቻውን አይፈርድም። ቃሉ የሚነገረው በጉባኤ ነው፤ የሚመረመረውም በጉባኤ ነው። አባ ገብረ ሚካኤል ያደጉት በዚህ ልማድ ውስጥ ነበር።

ሆኖም ዘመኑ የመከፋፈል ዘመን ነበር። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ቅባት፣ ጸጋ እና ካራ የሚባሉ ወገኖች ይከራከሩ ነበር፤ ጎጃምም የቅባት ትምህርት የጸናበት አገር ነበር። ክርክሩ ከመሳፍንቱ ሽኩቻ ጋር ስለ ተያያዘ፣ የትኛው ትምህርት እንደሚጸና ብዙ ጊዜ የሚወስነው ከመጽሐፍ ይልቅ ጉልበት ነበር። አባ ገብረ ሚካኤል በተወለዱበት ወገን ጸንተው ቢቀመጡ በክብር መኖር ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን እውነቱን ለማግኘትና የምንኵስናን ጥንታዊ ሥርዓት ለማወቅ ከገዳም ወደ ገዳም እየተዘዋወሩ መጻሕፍትን መረመሩ፤ በጎንደርም አስተማሩ።

በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብጽ መልእክተኞችን ሲልኩ፣ አባ ገብረ ሚካኤል ከተጓዦቹ አንዱ ሆኑ። መልእክተኞቹን የመራው ኢጣሊያዊው የቪንሰንት ማኅበር ካህን ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነበር፤ የአገሩ ሰዎች አቡነ ያዕቆብ ብለው የጠሩት፣ በ1975 ቅድስናው የታወጀለት ነው። የጎጃሙ መነኵሴ ይህን የባዕድ አገር ካህን በመጀመሪያ በጥርጣሬ ነበር የሚመለከቱት። ነገር ግን በጉዞው ከካይሮ እስከ ሮም፣ ከሮምም እስከ ኢየሩሳሌም አብረው ሆኑ፤ ሮም ላይም ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ። ባልንጀራቸው የሚያስተምረውን ከአኗኗሩ ጋር ለማመዛዘን ጊዜ አገኙ።

አባ ገብረ ሚካኤል ለመወሰን አልቸኮሉም። ከጉዞው ከተመለሱ በኋላም ሲመረምሩና ሲወያዩ ቆይተው፣ በ1844 ዓድዋ ላይ ከካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ ሆኑ። ይህን ያደረጉት ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ የሊቅነት ስማቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ እያወቁ ነበር። ከዚያም በዓጋሜ በጓላ በተከፈተው የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ወጣቶችን አስተማሩ፤ ትምህርተ ክርስቶስ በአገሩ ቋንቋ እንዲዘጋጅም ቅዱስ ዩስጢኖስን ረዱ። የጉባኤ ቤቱን ዕውቀት ይዘው ለአዲሱ ትምህርት ቤት አበረከቱት እንጂ አልጣሉትም።

ፈተናው የመጣው በ1854 ነው። በጎንደር ከጥቂት ባልንጀሮቻቸው ጋር ተይዘው ታሰሩ፤ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ተሠቃዩ። እምነታቸውን እንዲተዉ በተደጋጋሚ ቢጠየቁም እሺ አላሉም። በየካቲት 1855 የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ በመንግሥታቸው አንድ ሃይማኖት እንዲጸና ስለ ፈለጉ ጉዳዩ ወደ ዙፋን ችሎት ቀረበ። በግንቦት ወር መጨረሻ በሞት እንዲቀጡ ተፈረደባቸው። በችሎቱ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ስለማለደላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ሽማግሌው በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ከሠራዊቱ ጋር ከሰፈር ወደ ሰፈር እየተጎተቱ፣ በዚያው ዓመት ክረምት በድካምና በሕመም ዐረፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፁዕ ብለው አወጁአቸው።

ይህን ታሪክ የምናነሣው የቆየ ቁስል ለመቀስቀስ፣ ወይም ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም። አባ ገብረ ሚካኤልን ያሳደገችው፣ ንባብንም ትርጓሜንም ያስተማረቻቸው የእነርሱ ጉባኤ ናት። እኛም ለዚህ ባለ ዕዳዎች ነን።

2ኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ መለኮታዊ መገለጥ ባወጣው ሰነድ ምእመናን ሁሉ ቅዱሳት መጻሕፍትን ዘወትር እንዲያነቡ መክሮአል። የምሥራቅ አፍሪካ ጳጳሳትም በ1970ዎቹ ዓመታት ንኡሳን ክርስቲያናዊ ማኅበራት የሐዋርያዊ ሥራቸው መሠረት እንዲሆኑ ወስነዋል። በይጁቤም ሆነ በደብረ ማርቆስ፣ በገጠርም ሆነ በከተማ፣ አምስት ወይም ስድስት ሰዎች በአንድ ቤት ተሰብስበው ወንጌልን ሲከፍቱ ከአባ ገብረ ሚካኤል ሦስት ነገር ሊማሩ ይችላሉ። አንደኛው፣ ከእኛ ወገን ያልሆነውን ሰው ንግግር እስከ መጨረሻው መስማት ነው። ሁለተኛው፣ ጥያቄን እንደ ክሕደት አለመቁጠር ነው፤ መምህሩም ጠያቂውን ዝም ከማሰኘት ይልቅ አብሮት ይፈልግ። ሦስተኛውና ከባዱ ደግሞ፣ እውነት ሆኖ የተገኘውን ነገር ዋጋ ቢያስከፍልም መፈጸም ነው።

ንባቡ ካለቀ በኋላ ከጎረቤት ጋር ያልታረቀ፣ የሠራተኛውን ደመወዝ ያልከፈለ፣ የታመመውን ያልጠየቀ ማኅበር፣ መጽሐፉን ከፍቶ መልሶ ከመዝጋት በቀር ያደረገው ነገር የለም። ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በየስብሰባው መጨረሻ በዚህ ሳምንት ምን እናድርግ ብለው ይጠይቁ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያም ምን አደረግን ብለው ይጠይቁ። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ይህን ሁለተኛ ጥያቄ በሰንሰለት ሆነው መልሰውታል። ከእኛ የሚጠበቀው ከዚያ እጅግ የቀለለ ነው፤ ስለዚህም ምክንያት የለንም።