ወንድም ማርቲን ዴ ፖሬስ፥ የድውያን አገልጋይ

ማርቲን በደቡብ አሜሪካ፥ በፔሩ አገር፥ ሊማ በምትባለው ከተማ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1579 ዓመተ ምሕረት ተወለደ። አባቱ ሁዋን ዴ ፖሬስ የእስጳንያ ባላባት ነበረ፤ እናቱ አና ቬላስኬስ ግን ከፓናማ የመጣች፥ ከባርነት ነፃ የወጣች ጥቁር ሴት ነበረች። የሕፃኑም መልክ ወደ እናቱ ስላደላ አባቱ ልጅነቱን ለመቀበል አፈረ፤ ስለዚህ በቅዱስ ሴባስቲያኖስ ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ሲነሣ አባቱ እንዳልታወቀ ሆኖ በመዝገብ ተጻፈ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አባቱ እርሱንና እኅቱን ሁዋናን ወደ ጓያኪል ወስዶ አስተማራቸው፤ ነገር ግን ለሹመት ወደ ፓናማ በሄደ ጊዜ ማርቲን ወደ እናቱ ድህነት ተመለሰ።

በ12 ዓመቱ ገደማ ከአንድ ፀጉር ቆራጭ ዘንድ ሙያ ሊማር ገባ። በዚያ ዘመን ፀጉር ቆራጭ ማለት ጢም ላጪ ብቻ አልነበረም፤ ደም ያፈሳል፥ ቁስል ያጥባል፥ ጥርስ ይነቅላል፥ ስብራትን እንደ ወጌሻ ይጠግናል፥ ከዕፅዋትም መድኃኒት ይቀምማል። ስለ ማርቲን ተአምራት የሚናገሩ ሰዎች ይህን ቸል ብለው ማለፋቸው መልካም አይመስለንም፤ የፈውስ ጸጋው ያደረው ሥራ በለመደ እጅ ላይ ነበርና። ሠዓሊዎች መጥረጊያ አስይዘው፥ ውሻና ድመት አይጥም ከአንድ ወጭት ሲበሉ በእግሩ ሥር አድርገው ይሥሉታል፤ እኛ ግን ምላጭና የቁስል ማሰሪያ ቢያስይዙት በወደድን።

በ15 ዓመቱ የዶሚኒካውያን ወደ ሆነው ወደ መቍጠሪያ እመቤታችን ገዳም መጣ። የጥቁር ወይም የአገሬው ተወላጅ ዘር ያለበት ሰው የማኅበሩ ሙሉ አባል እንዳይሆን የዚያ ጊዜ ደንብ ይከለክል ስለ ነበረ፥ ልብሰ ማኅበሩን ለብሶ እንደ ሎሌ ብቻ ተቀበሉት። ቤት ጠረገ፥ ልብስ አጠበ፥ የመነኮሳቱን ራስ ላጨ። በ1603 አለቆቹ ምግባሩን አይተው በወንድምነት መሐላ እንዲገባ ፈቀዱለት፤ የድውያኑም ቤት በእጁ ሆነ።

ገዳሙ በዕዳ በተጨነቀ ጊዜ እርሱ ራሱ እንደ ባሪያ ተሸጦ ዕዳው እንዲከፈል መለመኑ ይተረካል። ሊማ ሰው የሚሸጥባት ከተማ ነበረች፤ ነፃ የወጣችይቱ ሴት ልጅ ምን እያቀረበ እንደ ነበረ ያውቅ ነበር። አለቃውም እሺ አላሉትም።

ማርቲን በመንገድ የወደቁትን ሕመምተኞች እያነሣ ወደ ክፍሉ ያስገባ ነበር። አለቃው ግን ተላላፊ በሽታ ወደ መነኮሳቱ እንዳይገባ ፈርተው ከለከሉት፤ ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ስለዚህ ድውያኑን ወደ እኅቱ ቤት ይወስድ ጀመር። አንድ ቀን ግን በጩቤ ተወግቶ ደሙ የሚፈስስ የአገሬው ተወላጅ አገኘ፤ ያ ሰው እኅቱ ቤት እስኪደርስ በሕይወት የሚቈይ አልነበረምና በገዛ አልጋው ላይ አስተኝቶ ቁስሉን አሰረለት። አለቃው ትእዛዝ በመተላለፉ ገሠጹት። ማርቲንም ሳያጕረመርም ተግሣጹን ተቀብሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ነገር ግን የፍቅር ትእዛዝ ከመታዘዝ ትእዛዝ በታች መሆኑን እስከዚያ ቀን እንዳላወቀ ገልጦ፥ ይህን እንዲያስተምሩት ለመናቸው። ለእኛ እንደሚመስለን በዚህ መልስ ውስጥ የዋህነት ብቻ ሳይሆን ድፍረትም አለ። አለቃውም ከዚያ ወዲያ ምሕረት በሚያስፈልግበት ጊዜ ልቡ እንደ መራው እንዲያደርግ ፈቀዱለት ይባላል።

ባለጠጎችም ይፈልጉት ነበር። ለሜክሲኮ ሊቀ ጳጳስነት የተመረጡት ፌሊሲያኖ ዴ ላ ቬጋ በሊማ በጽኑ በታመሙ ጊዜ ማርቲንን አስጠሩት። እርሱ አፍሮ እጁን ቢሰበስብም በሚያማቸው ጎን ላይ እንዲያኖር አዘዙት፤ ሕመሙም እንደ ተወላቸው ተመስክሯል። ወደ ሜክሲኮ ሊወስዱት ወደዱ፤ ነገር ግን ማርቲን ሳይሄድ በጽኑ ትኩሳት ታሞ በ59 ዓመቱ፥ በኖቬምበር 3 ቀን 1639 አረፈ።

ሕዝቡ ለበረከት የለበሰውን ልብስ እየቈረጠ ስለ ወሰደ ሬሳውን እንደ ገና ማልበስ ግድ ሆነ። በሮም ግን ነገሩ ፈጥኖ አልሄደም፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ግሪጎርዮስ 16ኛ በ1837 ብፁዕ ብለው ሰየሙት፥ ቅድስናውንም ዮሐንስ 23ኛ በሜይ 6 ቀን 1962 ዐወጁ።