ዋንግ ዚፒንግ፦ ጉልበተኛው የቻይና ሙስሊም ወጌሻ

በቻይና ማርሻል አርት ስማቸው ከሚነሳ ሙስሊሞች አንዱ ዋንግ ዚፒንግ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1881 በሄቤይ ግዛት ካንግዦ ከሑይ ሙስሊም ቤተሰብ ተወለዱ። በጂናን ከተማ ያንግ ሆንግሺዩ የተባሉ ሙስሊም መምህር ቻ ቹዋን የተባለውን ስልት አስተማሯቸው።

ጀርመኖች በሻንዶንግ ሳሉ የአንድ ጥንታዊ መስጂድ በሮችን ነቅለው ሊወስዱ ሲመጡ ዋንግ ደጃፉ ላይ ቆመው መለሷቸው ተብሎ ይተረካል። ወሬው እየተቀባበለ ያደገ ይመስለናል፤ ግን አሁንም ይወራል።

በ1928 ናንጂንግ ላይ የተከፈተው ማዕከላዊ የማርሻል አርት ተቋም ሁለት ክፍል ነበረው። ዉዳንግ የተባለው እንደ ታይቺ ያሉ የውስጥ ስልቶችን ያስተምራል፤ በእነዚህ ሐሳብ ትንፋሽን፣ ትንፋሽም አካልን ይመራል፣ ጡንቻ ይላላል። ሻኦሊን የተባለው በጉልበትና በፍጥነት ላይ ያተኩራል። ዋንግ የመሩት ሻኦሊንን ነው። ሙስሊም በቡድሃ ገዳም ስም የተጠራ ክፍል መምራቱ ግር ሊል ይችላል፤ ስሙ ግን የስልት መለያ እንጂ አምልኮ አልነበረም።

እኛን ይበልጥ የሳበን የኋላ ዘመናቸው ነው። ሻንጋይ ላይ የተሰበረ አጥንት የሚጠግኑ ወጌሻ ሆኑ። በሽታን ለመከላከልም 20 እንቅስቃሴዎች አዘጋጁ፤ ቀስ ተብሎ፣ ልብ ተሰብስቦ፣ ከትንፋሽ ጋር የሚሠሩ። የውስጥ ስልቶች ፍልስፍና ከዳኦ እምነት ጋር የተሳሰረ ነው፤ እርሳቸው ለሰውነት የሚበጀውን ወስደው በእስልምናቸው ኖሩ።

በ1960፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ሲል፣ ከዡ ኤንላይ ጋር ወደ በርማ ከተጓዘው የማርሻል አርት ቡድን ጋር ሄዱ። በ1973 አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። ሴት ልጃቸው ዋንግ ጁሮንግ ሙያውን ማስተማር ቀጠሉ።