ቻርልስ ማርቲን ሆልና አሉሚንየም

አሉሚንየም በምድር የሞላ ማዕድን ቢሆንም፣ ለይቶ ማውጣቱ አስቸጋሪ ስለ ነበረ ዋጋው ውድ ነበር። ይህን ችግር ያቃለለውን ሰው ታሪክ ባጭሩ ላቅርብ።

ሆል በ1863 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ተወለደ። በኦበርሊን ኮሌጅ ሲማር መምህሩ ስለዚህ ማዕድን የነገሩትን በልቡ ያዘ። ከተመረቀ በኋላ በወላጆቹ የእንጨት ማከማቻ ውስጥ፣ ኬሚስትሪ በተማረችው እኅቱ በጁሊያ ረዳትነት ብዙ ደከመ። በ1886 አሉሚናን በቀለጠ ክሪዮላይት አሟሙቶ ኤሌክትሪክ ቢያሳልፍበት የአሉሚንየም እንክብሎች አገኘ። ዕድሜው ገና 22 ነበር። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ ለብቻው ይህንኑ ደረሰበት። ሆል በ1914 ሲሞት ከሀብቱ ብዙውን ለትምህርት ተናዘዘ።

ዛሬ በዓለም በዓመት 70 ሚሊዮን ቶን ያህል በዚሁ ዘዴ ይመረታል። ዘዴው በሁለቱ ወንዶች ስም ይጠራል። እናቴ ብረት ድስቷን በጣደች ቁጥር ግን እኔ ጁሊያን አስባለሁ።