ማርክ ስፒትዝን ያሰለጠነው «ዶክ» ማን ነበር?

ማርክ ስፒትዝን የማያውቅ የስፖርት ወዳጅ ጥቂት ነው። በ1972 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በሙኒክ ኦሎምፒክ በውሃ ዋና 7 ወርቅ፣ በሰባቱም የዓለም ሪከርድ! በዩኒቨርሲቲ ያሰለጠነውን ሰውዬስ ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ስሙ ጀምስ ካውንስልማን ነው። በ1920 በአሜሪካ አላባማ ተወለደ፣ ያደገው ደግሞ ሴንት ሉዊስ ነው። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የደረት ዋና ተወዳዳሪ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና ከገንዳ አውጥቶ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ አደረገው። በሕይወት ሲመለስ ወደ ዋናውም ወደ ትምህርቱም ተመለሰ፤ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያዘ። «ዶክ» የሚለው ስም የቀረለት በዚሁ ነው።

በዚያ ዘመን አብዛኛው አሰልጣኝ ገንዳው ዳር ቆሞ ሰዓት ይዞ ይጮሃል። ዶክ ግን ዋናተኞቹን ከውሃ በታች በካሜራ መቅረጽ ጀመረ። ምርጦቹ እጃቸውን እንደ መቅዘፊያ ቀጥ አድርገው ሳይሆን አጠፍ እያደረጉ እንደሚስቡ አየ። ለምን እንደሚሠራ የሰጠውን ማብራሪያ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ተከራክረውበታል። ውሃ ውስጥ ገብቶ የማየቱ ነገር ግን የሁሉም ሆኖ ቀረ። በ1968 ያሳተመው የዋና ሳይንስ መጽሐፍም አሰልጣኞች ከእጃቸው የማይለዩት ሆነ።

በዚያው ዓመት ስፒትዝ በሜክሲኮ ኦሎምፒክ ብዙ ወርቅ እወስዳለሁ ብሎ አፉን ሞልቶ ተናግሮ፣ ለብቻው በዋኘባቸው ውድድሮች አንድም ወርቅ ሳያገኝ ተመለሰ። በቀጣዩ ዓመት ወደ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ዶክ መጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሙኒክ ይመስክር።

ዶክ ኢንዲያናን ከ1968 እስከ 1973 በተከታታይ 6 ጊዜ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን አድርጓል። በ1976 የሞንትሪያል ኦሎምፒክ ያሰለጠነው የአሜሪካ ወንዶች ቡድን ከ13 የዋና ወርቆች 12ቱን ጠራርጎ ወሰደ።

ሰውዬው በዚህም አልበቃውም። በ1979፣ በ58 ዓመቱ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይን የሚለየውን ቀዝቃዛ ባሕር ከ13 ሰዓት በላይ ዋኝቶ ተሻገረ። እስከዚያ ቀን በዚያ ዕድሜ ያቋረጠው ሰው አልነበረም። ሌሎችን ልፉ ሲል የኖረ አሰልጣኝ ራሱም ለፍቶ አሳየ ማለት ነው።

በኋላ የፓርኪንሰን በሽታ ያን ብርቱ ሰውነት አዳከመው። በ2004 በ83 ዓመቱ አረፈ።

እናም ወዳጆች፣ አንድ አሰልጣኝ ካሜራውን ውሃ ውስጥ ሲያስገባ ካያችሁ ዶክን አስታውሱት።